ቤት ሠሪ ሲመርጡ፤ በራሴ ኪሳራ የተማርኩት

በአገራችን ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ‹‹እኔ የማውቀው ጎበዝ ልጅ አለ›› ይላል። ሌላው ‹‹ተቋራጭ የሚባል ነገር አትመን፣ ፎርማን ይዘህ በራስህ አሠራ›› ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ‹‹ምን አደከመህ፣ ያለቀ ቤት ግዛ›› ብሎ ይገላግላል። እኔና ባለቤቴም በ2009 ዓ.ም. በማኅበር ባገኘነው ቦታ ላይ ጂ ፕላስ ዋን ቤት ለመሥራት ስንነሳ መካሪ አልጠፋም ነበር። በእጃችን የነበረው አሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብና ከመሥሪያ ቤቴ ያገኘሁት የቤት ብድር ነው። የጠፋው ነገር ቢኖር ቤት ሠሪውን ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ሰው ነበር።

መሐንዲስ አይደለሁም፤ ሙያዬ ሒሳብ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው በመጀመሪያው ተቋራጭ ከስሬ፣ በሁለተኛው ቤቴን ጨርሼ ያገኘሁትን ትምህርት ነው። ቤት ለመሥራት እየተዘጋጁ ላሉ አንባብያን ከእኔ የቀለለ ትምህርት ይሆናቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ገንዘቤ የት ሄደ?

የመጀመሪያውን ተቋራጭ ያገናኘን አንድ የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ ነበር። ሰውየው ንግግሩ የተረጋጋ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ዋጋውም ሌሎች ሁለት ተቋራጮች ካቀረቡት በ18 በመቶ ያነሰ ነበር። የጠየቀው ቅድመ ክፍያ 40 በመቶ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ ‹‹ሲሚንቶና ፌሮ ዋጋ ሳይጨምር አሁኑኑ ልግዛልዎ ብዬ ነው›› አለን። የምንኖርበትን ገበያ ለሚያውቅ ሰው አሳማኝ ምክንያት ነበር። የካቲት ውስጥ ፈርመን ከፈልን።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሥራው ፈጠነ። ቁፋሮው ተጠናቀቀ፣ ፉቲንጉ ተሞላ፣ ኮለኖቹ ብቅ አሉ። ከዚያ በኋላ በቦታው ላይ የማያቸው ሠራተኞች ቁጥር እየቀነሰ መጣ። ከሃያ ወደ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ ወደ ሦስት ወረደ፤ ክረምቱ ሲገባ የቀረው ጥበቃው ብቻ ነበር። ስልክ ስደውል አንድ ቀን ‹‹የፌሮ እጥረት ነው››፣ ሌላ ቀን ‹‹ዝናቡ ጋብ ይበል›› የሚል መልስ አገኛለሁ። በመጨረሻም ስልኩ አልነሳ አለ።

ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነገሩ በሽማግሌዎች ፊት ሲታይ ከእኔ ሌላ አንድ ከሳሽ ነበር። ይህ ሰው ለዚያው ተቋራጭ ከእኔ ከስምንት ወር በፊት የከፈለና ቤቱ ሳያልቅ የቆመበት ነው። በንግግራችን መካከል እኔ በከፈልኩበት ወር የእሱ ሶሌታ መሞላቱን ነገረኝ። ወደ እኔ ዞር ብሎም ‹‹ወንድሜ፣ ያንተ ገንዘብ እኔ ጋ ነው ያለው። የእኔ ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ጣሪያ ላይ ነው›› አለኝ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ፍሬ አድርገው ይውሰዱልኝ። ያ ሰው ገንዘቤን ይዞ ዳንኪራ ቤት አልገባም። በአዲስ ደንበኛ ገንዘብ የአሮጌውን ደንበኛ ቤት እየሠራ፣ አዲስ ደንበኛ ሲጠፋ ሁሉንም አንድ ላይ የሚያቆም ሰው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው በጠባዩ ጨዋ፣ በሙያውም ጥሩ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቤት ሠሪ ሲመርጡ ‹‹ሰውየው ታማኝ ነው ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ‹‹ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው በምን ገንዘብ ነው? አሁን ስንት ቤት ይዟል?›› ብለውም መጠየቅ አለብዎት።

መጀመሪያ የራስዎን ሰነድ ያሟሉ

ተቋራጭ ከመፈለግዎ በፊት በእጅዎ መኖር ያለባቸው ነገሮች አሉ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የፕላን ስምምነት፣ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፎች፣ የግንባታ ፈቃድ እንዲሁም የሥራ ዝርዝርና የብዛት ሰነድ (ባለሙያዎቹ ቢኦኪው የሚሉት) ናቸው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ በሦስት ምድብ ከፍሎ እንደየምድባቸው የሚያስፈልገውን ባለሙያና ቁጥጥር ለይቶ ነበር። ሕግና መመሪያ ስለሚሻሻል ለእርስዎ ቤት ዛሬ የሚጠየቀውን ከግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ በቀጥታ ይጠይቁ። ከተቋራጩ አይስሙ።

ከሰነዶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚዘለው ቢኦኪውን ነው። ይህ ሰነድ ስንት ሜትር ኩብ ቁፋሮ፣ ስንት ሜትር ኩብ አርማታ፣ ስንት ኪሎ ፌሮ፣ ስንት ካሬ ሜትር ልስን እንደሚያስፈልግ በዝርዝር ያሳያል። ያለዚህ ሰነድ ሦስት ተቋራጮችን ዋጋ ቢጠይቁ የሦስት የተለያዩ ቤቶችን ዋጋ ነው የሚሰጡዎት። አንዱ አጥር ጨምሮ፣ ሌላው ሴፕቲክ ታንክ ትቶ፣ ሦስተኛው በር ከቆርቆሮ አስቦ ይነግርዎታል። የእኔ ተቋራጭ በ18 በመቶ የረከሰበትን ምክንያት በኋላ ያየሁትም እዚሁ ላይ ነው። የውኃ ማጠራቀሚያውን፣ አጥሩንና የግቢውን ንጣፍ ጨርሶ አላካተታቸውም ነበር።

የአፈር ጥናትንም አይናቁት። በአዲስ አበባ ምሥራቅና ደቡብ ክፍል ብዙ ቦታ ላይ ያለው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በላዩ ላይ የቆመ ወለልና ግድግዳም አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ በተመረጠ አፈር መተካት ወይም እስከ ጠንካራው ድረስ መቆፈር ገንዘብ ይጠይቃል። ይህ ወጪ ውል ከተፈረመ በኋላ ድንገት ሲመጣ ባለቤቱንና ተቋራጩን ከሚያጣሉ ነገሮች ዋነኛው ይሆናል።

ማንን ያሠሩ?

በአገራችን የመኖሪያ ቤት በሦስት ዓይነት መንገድ ይሠራል።

የመጀመሪያው ባለቤቱ ዕቃውን ራሱ እየገዛ ግንበኛውን፣ አናጺውን፣ ፌራዮውንና ለሳኙን በየተራ በእጅ ዋጋ የሚያሠራበት ነው። ገንዘብዎ በእጅዎ ስለሚቆይ ለስርቆት በር አይከፍትም። ነገር ግን ሙሉ ጊዜ ይጠይቃል። ጠዋት የአሸዋ መኪና መጠበቅ፣ ከሰዓት ሚስማር መግዛት፣ ማታ ሒሳብ መያዝ ሊኖርብዎ ነው። ቢሮ የሚውል ሰው ብቻውን አይችለውም። በዚያ ላይ ስህተት ሲገኝ ግንበኛው በአናጺው፣ አናጺው በፌራዮው እያሳበበ ኃላፊነቱ መጨረሻ ላይ ለእርስዎ ይተርፋል።

ሁለተኛው ልምድ ባለው ፎርማን ማሠራት ነው። ፎርማኑ ሠራተኛውን ያመጣል፣ ይመራል፤ ዕቃውን ባለቤቱ ያቀርባል። ለአንድ ፎቅ ቤት ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው። መልካም ፎርማን ከብዙ ባለፈቃድ ተቋራጭ ይሻላል፤ ሆኖም ጉዳት ሲደርስ በሕግ የሚጠየቅበት ንብረትም ሆነ ድርጅት ላይኖረው ይችላል። በዚህ መንገድ የሚያሠራ ሰው የራሱን ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የግድ መያዝ አለበት።

ሦስተኛው ዕቃውን ከነሙያው ለባለፈቃድ የሥራ ተቋራጭ መስጠት ነው። በአገራችን ተቋራጮች በደረጃ ተከፋፍለው ቆይተዋል። ደረጃ 1 ትልቁ ሲሆን ቁጥሩ እየጨመረ በሄደ መጠን የሥራ አቅማቸው እያነሰ ይሄዳል። ለመኖሪያ ቤት የግድ ትልቅ ደረጃ መፈለግ አያስፈልግም። ትልቁ ተቋራጭ የእርስዎን ቤት ለሰብ ኮንትራክተር አስተላልፎ የሚረሳው ከሆነ ደረጃው ለእርስዎ ምንም አይጠቅምም።

ከባለፈቃድ ጋር ሲዋዋሉ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ የብቃት ማረጋገጫውና የንግድ ፈቃዱ ለዘንድሮ መታደሱን ይዩ፤ የንግድ ፈቃድ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በኦንላይን ማጣራት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ከእርስዎ ጋር የሚፈርመው ሰው የድርጅቱ ባለቤት ወይም ሕጋዊ ውክልና ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ፈቃድ ተከራይቶ የሚሠራ ብዙ ሰው አለና፣ ችግር ሲፈጠር ባለፈቃዱ ‹‹አላውቀውም›› ይልዎታል። ሦስተኛ፣ በየቀኑ ቦታው ላይ ቆሞ የሚያሠራው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይጠይቁ። ቤትዎን የሚሠራው ቢሮ ውስጥ ሻይ የጋበዘዎ ሰው አይደለም፤ ፎርማኑ ነው። እሱን ሳያነጋግሩ አይፈርሙ።

የሠራውን ቤት በዓይንዎ ይዩ

ተቋራጮች የሚያሳዩት የፎቶግራፍ አልበም ከንቱ ነው። ፎቶ ላይ የማያምር ቤት የለም። ቢያንስ ሁለት ያለቁ ቤቶችንና አንድ በመሠራት ላይ ያለ ቤት ሄደው ይዩ። ካለቁት አንዱ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበት ይሁን። ዝናብ የማይዋሽ ተቆጣጣሪ ነው።

ያለቀው ቤት ውስጥ ሲገቡ ቀለሙንና ሴራሚኩን ትተው የሚከተሉትን ይመልከቱ። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አለ ወይ? ከላይ ባለው መታጠቢያ ቤት ሥር ያለው ኮርኒስ ወዝቷል ወይ? በሮቹ ሳይገፉ ይዘጋሉ ወይ? የበረንዳው ወለል ውኃውን ወደ ውጭ ያፈሳል ወይስ ወደ ሳሎን ይመልሳል? ልስን ባልተደረገበት ቦታ የሚታይ ኮለን ካለ እንደ ንብ ቀፎ የተቦረቦረ መሆን አለመሆኑን ያጢኑ። ቀፎ የሚመስል አርማታ በደንብ አልተነቀነቀም ማለት ነው፤ በውስጡ ያለው ፌሮም ቀስ በቀስ ይዝጋል።

የቤቱን ባለቤት ተቋራጩ በሌለበት ያነጋግሩ። እኔ ሁለተኛውን ስፈልግ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አራት ብቻ ነበሩ። በተባለው ጊዜ አስረከበ? ከውሉ በላይ ስንት ጨመሩ፣ ለምን? ካስረከበ በኋላ ችግር ሲፈጠር ስልክ አነሳ? ዳግመኛ ቢሠሩ ለእሱ ይሰጡታል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ምን ያህል ዝም እንዳሉ ብቻ ማስተዋል ይበቃል።

በመሠራት ላይ ያለውን ቤት ደግሞ ሳይናገሩ በማለዳ ይጎብኙት። ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ተደርጎ ተሸፍኗል ወይ? አርማታ ሲቦካ አሸዋና ጠጠሩ በሳጥን ይለካል ወይስ በአካፋ በግምት ይጣላል? ባለፈው ሳምንት የተሞላው ሶሌታ ውኃ እየጠጣ ነው ወይስ ደርቆ ነጭ ሆኗል? በመጨረሻም ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሳይቱ ጎራ ይበሉ፤ በብዙ ቦታ የቀን ሠራተኛ ሒሳቡን የሚቀበለው ያን ጊዜ ነው። ሠራተኞቹ ገንዘባቸውን ይዘው እየሳቁ ከወጡ መልካም ነው። በር ላይ ተሰብስበው የሚጠብቁ ከሆነ ተቋራጩ እጁ ባዶ ነው፤ የእርስዎን ቅድመ ክፍያ ለምን እንደሚፈልገውም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። እኔ ይህንን በ2009 ዓ.ም. ባደርግ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

ስለ ዋጋ

በአንድ ቢኦኪው ላይ ቢያንስ ሦስት ዋጋ ይሰብስቡ፤ ከዚያም ድምሩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን መስመር ያነጻጽሩ። ሁሉም ያንኑ ሲሚንቶ፣ ያንኑ ፌሮ ከአንድ ገበያ ነው የሚገዙት። ስለዚህ አንዱ ከሌሎቹ ብዙ ካነሰ ከሦስቱ አንዱ እውነት ነው፦ አንድ ነገር ረስቷል፣ አንድ ነገር ሊቀንስ አስቧል፣ ወይም ገንዘብ በእጅጉ ቸግሮታል። ሦስቱም ለእርስዎ አይበጁም።

የዋጋ ንረት ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለ ሥጋት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አስቀድመው በአንድ የተቆረጠ ዋጋ የተዋዋሉ ሰዎች ከተቋራጮቻቸው ጋር እንዴት እንደተነታረኩ በቅርብ አይቻለሁ። አሉሚኒየም፣ ሴራሚክ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የፌሮ ጥሬ ዕቃ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፤ ምንዛሪ ሲንቀሳቀስ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ‹‹ዋጋው ምንም ቢሆን አይጨምርም›› የሚል ተቋራጭ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን ዋጋው ሲወደድበት ልዩነቱን ከሲሚንቶው ላይ ቀንሶ ያመጣዋል። የሚሻለው ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፣ አሉሚኒየምና ሴራሚክ በተፈረመበት ቀን ያላቸውን ዋጋ በፕሮፎርማ አስደግፎ ከውሉ ጋር ማያያዝ ነው። ከዚያም ከተወሰነ በመቶ በላይ ሲለወጥ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ መጻፍ ይገባል። ሌላው አማራጭ ዋና ዋና ዕቃዎችን ራስዎ ገዝቶ ማቅረብ ነው። እኔ በሁለተኛው ጊዜ ሲሚንቶና ፌሮን ራሴ ገዛሁ፤ የቀረውን ለተቋራጩ ተውኩ።

ክፍያ ከሥራው አይቅደም

ውሉ በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረም፤ ንድፎቹና ቢኦኪውም እያንዳንዱ ገጽ ላይ ተፈርሞባቸው የውሉ አካል ይሁኑ። ከውሉ ሁሉ ትልቁ አንቀጽ ግን የክፍያው ነው። መርሁ አንድ ነው፤ በማንኛውም ቀን ሥራው ቢቆም ከእርስዎ ኪስ የወጣው ገንዘብ መሬት ላይ ካለው ሥራ መብለጥ የለበትም። በሁለተኛው ውሌ ክፍያውን የከፋፈልኩት እንደሚከተለው ነበር።

ለሥራ መጀመሪያ 10 በመቶ፤ መሠረቱ እስከ ግሬድ ቢም ሲጠናቀቅ 20 በመቶ፤ የመጀመሪያው ሶሌታ ተሞልቶ ሲያልቅ 20 በመቶ፤ ጣሪያው ሲለብስ 15 በመቶ፤ የብሎኬት ግድግዳና ልስን ሲጠናቀቅ 15 በመቶ፤ በርና መስኮት፣ ሴራሚክ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪክ ተገጥሞ ሲፈተሽ 15 በመቶ፤ ቀሪው 5 በመቶ ርክክብ ከተደረገ ከአንድ ዓመት በኋላ።

አኃዞቹ እንደ ቤቱ ይለያያሉ፤ መርሁ ግን አይለወጥ። የእኔ መሠረት በከፊል ተሠርቶ ስለነበር የዚያ ክፍያ ተቀናንሷል። እያንዳንዱ ክፍያ የሚለቀቀው መሐንዲሱ አይቶ ሲፈርም ሲሆን የሚከፈለውም በባንክ ነው። ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ የሚጠይቅ ድርጅት ካጋጠመዎ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ዋስትና እንዲያቀርብ ይጠይቁት። ዋስትና ማቅረብ ካልቻለ ባንኩ ያላመነውን ሰው እርስዎ ለምን ያምኑታል?

በውሉ ውስጥ መግባት ያለባቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። የሥራው መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ የመዘግየት ቅጣት (በብዙ ውሎች በቀን ከውሉ ዋጋ 0.1 በመቶ ሆኖ ጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይደረጋል)፣ ለውጥ ሲኖር ዋጋው አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲስማሙበት፣ በሥራ ላይ ለሚጎዳ ሠራተኛ ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ ሥራው ያለ በቂ ምክንያት ለስንት ቀን ቢቆም ውሉን ማቋረጥ እንደሚቻል ይጻፍ። የእኔ የመጀመሪያ ውል ሁለት ገጽ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱም አልነበረበትም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ መብትም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ላስረከበው ግንባታ ጥንካሬና ትክክለኛ አሠራር ለ10 ዓመት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል። ይህንን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። ስለዚህ ‹‹ካስረከብኩ በኋላ አይመለከተኝም›› የሚል ውል ቢቀርብልዎ ተቋራጩ ሕጉን አያውቅም፣ ወይም እርስዎ እንደማያውቁ ተስፋ አድርጓል። መብቱ የሚሠራው ግን የሚከሰስ ሰው ሲገኝ ነው፤ ፈቃዱንና ውክልናውን ማጣራት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ተቆጣጣሪ አያጥፉ

ጥሩ ተቋራጭ መርጫለሁ ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ከተቋራጩ ጋር ግንኙነት የሌለው አንድ መሐንዲስ ይያዙ። በየቀኑ እንዲውል ማድረግ ካልቻሉ በየጉብኝቱ ሊከፍሉት ይችላሉ። የግድ መገኘት ያለበት ቁፋሮው ሲያልቅ፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊት ፌሮው ሲታሰር፣ ሶሌታ በሚሞላበት ቀን፣ እንዲሁም ቧንቧው በልስን ከመሸፈኑ በፊት ውኃ ተሞልቶ ሲፈተሽ ነው። እነዚህ ቀኖች ካለፉ ስህተቱ ይቀበራል፤ ማውጣቱ ከመሥራቱ ይበልጣል።

መሐንዲስ ያልሆነ ሰው ራሱ ሊያያቸው የሚችላቸው ነገሮችም አሉ። ፌሮውን በሚዛን ያረጋግጡ። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ 4.7 ኪሎ፣ ባለ 12ቱ 10.7 ኪሎ፣ ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ገደማ መመዘን አለበት፤ በብዙ ካነሰ ቀጭን ነው። አሸዋውን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጠው ያስቀምጡት፤ ሲረጋ ከላይ የሚተኛው የጭቃ ድርብ ወፍራም ከሆነ ታጥቦ ይምጣ ወይም ይመለስ። በኛ አገር ልማድ ከ6 በመቶ በላይ አፈር ያለበት አሸዋ ለአርማታ አይመከርም። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ መጠጣት አለበት። የሶሌታውን ድጋፍ ‹‹ለሌላ ቦታ አስፈለገን›› ብለው መሐንዲሱ ሳይፈቅድ እንዲያነሱ አይፍቀዱ። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት ውኃ አቁረው ለ24 ሰዓት ከሥር ይመልከቱ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ልጨምር። ስህተት ሲያዩ ግንበኛው ላይ አይጩሁ፤ ለፎርማኑ ወይም ለመሐንዲሱ ይንገሩ። ባለቤት በየደቂቃው ትእዛዝ የሚሰጥበት ሳይት ላይ ኃላፊ የሚባል ሰው አይኖርም። ነገ ስህተት ሲገኝም ‹‹ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያሉት›› ይባላል።

ታማኝነት ከሁለቱም ወገን ነው

የመጀመሪያው ጉዳይ እንዴት አለቀ ለሚል አንባቢ፣ መሐንዲስ መሬት ላይ ያለውን ሥራ ሲገምተው ከውሉ ዋጋ 16 በመቶ ሆነ። በከፈልኩት 40 በመቶና በዚህ መካከል ካለው ልዩነት በሽማግሌ ጥረት ግማሹ ያህል በሦስት ጊዜ ተመለሰልኝ፤ የቀረው ቀረ። ሁለት ኮለኖች ቀፎ ሆነው ስለተገኙ ፈርሰው እንደገና ተሠሩ። ፍርድ ቤት መሄድ እችል ነበር። ሆኖም ውሌ ባዶ ስለነበር የማቀርበው ማስረጃ ጥቂት ነበር፤ በተናደድኩበት ሰዓትም ጅቡ ከሄደ ቆይቷል።

ሁለተኛውን ተቋራጭ ያገኘሁት ሁለት ክረምት ያለፈበት ቤት ባለቤት ‹‹ዳግመኛ ብሠራ ለእሱ ነው የምሰጠው›› ሳይል ሳያመነታ ስለነገረኝ ነው። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ቢሮው ስሄድ ‹‹አሁን ሁለት ቤት ይዣለሁ። አንዱን መስከረም ላይ ሳላስረክብ የእርስዎን አልነካም፤ ከቸኮሉ ሌላ ሰው ይፈልጉ›› አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ኪራይ እየከፈለ የቆመ ኮለን ለሚያይ ሰው ይህ ደስ የሚል መልስ አልነበረም። ተነስቼ ልወጣ ስል እሱ ደግሞ በተራው ጠየቀኝ፤ ‹‹ይቅርታ፣ አሁን በእጅዎ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያሠራል? መሐል ላይ ሲያልቅ ሠራተኞቼን የት አደርጋቸዋለሁ?››

ጥያቄው አስደነገጠኝ፤ የቀድሞው ሰው እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበርና። ቀጥዬም ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ስናሰላ እስከ ጣሪያ የሚያደርስ እንጂ እስከ ማጠናቀቂያ የሚበቃ ገንዘብ እንደሌለን አወቅን። እሱ ጋ ተመልሼ እውነቱን ነገርኩት። ቤቱን በሁለት ምዕራፍ ከፋፍለን፣ መጀመሪያ የምድር ቤቱን ጨርሰን ገብተን ላይኛውን በኋላ እንድናጠናቅቅ ተስማማን። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጥር 2012 ዓ.ም. ምድር ቤቱን አስረከበን። ከገባን ስድስት ክረምት አለፈ፤ ኮርኒሱ አልወዛም፤ በሮቹም ይዘጋሉ።

ክፍያ የሚያቆራርጥ፣ በየሳምንቱ ንድፍ የሚለውጥ ባለቤት ጨዋውንም ተቋራጭ የእኔን የመጀመሪያ ሰው ያደርገዋል። ስለዚህ ቤት ሠሪ ፍለጋ ከመውጣትዎ በፊት የራስዎን ገንዘብ ቆጥረው ይውጡ። ከዚያም ‹‹መቼ ትጀምርልኛለህ?›› ሲሉት ‹‹ነገ›› ከሚልዎ ይልቅ የያዘውን ሥራ ሳይጨርስ የእርስዎን እንደማይጀምር የሚነግርዎን ሰው በትዕግሥት ይጠብቁት። ነገ የእርስዎም ቤት በእጁ ሲገባ ለሌላ መጪ ደንበኛ ያንኑ መልስ ይሰጥልዎታል።